ስድስቱ የመዞር ቃላት

ጥቅምት 6

ለቲቸር፣

ሰላምታዬን እንደ ባዳ ደብዳቤ አላስረዝመውም። እንዴት ነህ? እንቅልፍህስ? ያለፈው ደብዳቤህ አምስት መስመር ብቻ ነበር፤ እኔም አምስቷን መስመር ለሁለት ሳምንት አብቃቅቼ አነበብኳት። ባልና ሚስት በአምስት መስመር ከኖሩ እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን።

ምን እንደጎደለኝ ጠይቀሃልና ልንገርህ። ሳሙና አለኝ፣ ብርድ ልብስ አለኝ፣ ክፍሌን የምትጋራኝ የብየዳ ሠራተኛዋም ከማንኮራፋቷ በቀር ወርቅ ሰው ናት። የጎደለኝ እንግሊዝኛ ነው። አዲሶቹ የፈትል ማሽኖች መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ መጣ፤ ፈተናውም በዚያው ቋንቋ ነው ተባለ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንቀመጣለን። ያለፈ ሰው ቴክኒሻን ሆኖ በመጣበት ከተማ ፋብሪካ ይመደባል፤ እኔ ካለፍኩ ወደ ቤቴ ነኝ፣ ወደ አንተ። የወደቀ እስከ ሐምሌ እዚሁ ቆይቶ ይደግማል። አቋርጦ የሄደ ግን ሥልጠናውንም ሥራውንም አጣ ማለት ነው።

ማሽኑንስ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። የቱ እንዝርት እንደላላ በሩ ላይ ቆሜ እነግርሃለሁ። ችግሩ መጽሐፉ ነው። የሚዞረውን ነገር ሁሉ በየተራ በሌላ ስም ይጠራዋል፤ አንዱን ተርን፣ አንዱን ሮል፣ ትዊስት፣ ሮቴት፣ ሪቮልቭ፣ ስፒን። ልዩነቱን አሠልጣኙን ብጠይቀው እጁን አየር ላይ አዙሮ አዙሮ አሳየኝና ሄደ። ለስድስቱም ያችኑ አንድ እጅ ነው ያዞረው።

ስለዚህ አንተ አስተምረኝ። ተማሪዎችህን እንደምታስተምር፣ በዚያ ድርቅ ባለው ሕግህ። ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተማሪህ አድርገኸኝ አታውቅም።

ያቺን ጥያቄዬንም እንደ ልማድህ ዘለሃታል። አሁንም እጠይቃለሁ፦ ልምጣ?

የአንተዋ


ጥቅምት 19

ለኢንጂነሯ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፣ እጄ ላይም ዋለ። ስለ እንቅልፌ ጠይቀሻል፤ እንቅልፍ ሞልቶ ተርፏል። ቤቱ ደህና ነው። የኩሽናው ቧንቧ መንጠባጠቡን ትቷል። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሰላም ብሎሻል፤ ጥለሽ የሄድሽውን ጫማ ሳይጠየቅ ሶል ቀይሮለት አስቀምጦልሻል። እህቴ እትዬ ለጥቂት ቀን ብላ መጥታለች።

ሕጌን ካነሣሽ በትክክል አንሺው። ምሳሌ የሚጻፈው በዚያው ሰሞን በዓይን ከታየ ነገር ብቻ ነው። «ድመቷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች» ብሎ የጻፈ ልጅ «የማን ድመት?» ተብሎ ይታረማል። ድመት የሌለው ሰው ስለ ድመት አይጽፍም፤ ከጻፈም ቃሉ አያድርበትም፣ በነጋታው ይረሳዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሕግ አስተምሬያለሁ፤ ለሚስቴ ብዬ አላላላውም።

እንግሊዞች ለመዞር ስድስት ቃል አበዙ ብለሽ አትማረሪ። እኛስ? ጎማ ይሽከረከራል፣ እንዝርት ይሾራል፣ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ገመድ ይጠመዘዛል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲገላበጥ ያድራል። ይህን ሁሉ ያለ አስተማሪ ያወቅሽ ሰው ያንን አታጪውም።

ሮል፦ ክብ ነገር መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲሄድ ነው። ይዞራል፣ ቦታም ይለቅቃል። ምሳሌ፦ ማክሰኞ ዕለት ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ከሰሌዳው ሥር እስከ በሩ ሮል አደረገ። ተማሪዎቹ ሁሉ በዓይናቸው ተከተሉት፤ የሳቀ አልነበረም።

ተርን፦ የሁሉም እናት ናት። ሌላው ሲጠፋሽ እሷን ጥሪ። ቁልፍ ይዞርበታል፣ ገጽ ይገለጥበታል፣ ሰውም ፊቱን ያዞርበታል። ምሳሌ፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፊቴን ወደ ግድግዳው ተርን አደረግሁ።

የእጅ ጽሑፌ ከተበላሸብሽ ብዕሩ ነው። ስለ ሌላው ጥያቄሽ፣ አሁን ፈተናሽን አስቢ። በርቺ።


ኅዳር 1

ለቲቸር፣

ሁለት ገጽ ሙሉ! ለብየዳ ሠራተኛዋ አሳየኋት፤ ባሌ ጻፈልኝ ብዬ ሳይሆን ባሌ ይህን ያህል መናገር ይችላል ብዬ። እሷም «የእኔው ይህን ያህል የጻፈው ሲከሰኝ ነው» አለችኝ።

ቃላቱ ገብተውኛል። ትናንት አንድ የክር ጥቅል ከመደርደሪያው ወርዶ ወለሉን ሲያቋርጥ «ሮል!» ብዬ ጮህኩ። አሠልጣኙ ጥቅሉን ትቶ እኔን አየ። ጠመኔህ ሲንከባለል ልጆቹ ያልሳቁት ፈርተውህ ነው፤ እኔ ብሆን ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን እነክስ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን አልጋ ላይ ምን ትሠራለህ? እኔ እዚህ ስምንት ሰዓት ቆሜ እግሬ እንደ ዳቦ ሲነፋ የተከበሩ መምህር ግድግዳ ይመለከታሉ። ሐሙስ ቀን ቀትር ላይ የሚተኛ ሰው ማግባቴን አላወቅሁም ነበር።

እንደዚህ የምቀልደው ናፍቀኸኝ ነው፤ ታውቀዋለህ። የማሽኖቹ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፤ በምልክት ነው የምንነጋገረው። እናም አንዳንዴ ክሩን እየቀጠልኩ ስምህን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ። የሚሰማኝ የለም።

እትዬ አሁንም አለች? እሷ እኮ ሰው ቤት ከሁለት ቀን በላይ አትቀመጥም፤ የራሷ ትራስ ካልሆነ አንገቷን ያማታል። ምን ገጠማት? ሰላም በልልኝ።


ኅዳር 14

ለኢንጂነሯ፣

እትዬ አለች። የወንድሜ ቤት ከመቼ ወዲህ ሰው ቤት ሆነ ብላሻለች። ትራሷንም አስመጥታለች። የሐሙሱን ነገር ጠይቀሻል፤ የሐሙስ ክፍለ ጊዜዬን ሌላ መምህር ይዞልኛል። ወደ ትምህርቱ እንግባ።

ትዊስት፦ አንዱ ጫፍ ተይዞ ሌላው ጫፍ ሲዞር። ልብስ ሲጨመቅ፣ ፈትል ሲከርር። ይህን ለአንቺ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ እንጀራሽ እሱ ነውና። ሆኖም ሕግ ነው፣ ምሳሌ፦ እህቴ የጠርሙሱን ክዳን ትዊስት አድርጋ ከፈተችው፤ እኔ አቅቶኝ።

ሮቴት፦ ቦታ ሳይለቅቅ፣ በራሱ ዘንግ ላይ፣ በልክ መዞር። የተማረ ሰው ቃል ነው፤ አይቸኩልም። ምሳሌ፦ አንድ ሰው፣ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሌላ ሰው ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘና ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ሮቴት አደረገው፤ ይህን ሲያደርግ ዓይን ዓይኑን ያየው ነበር።

ስምህን እጠራለሁ ያልሽውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እግርሽን ማታ ማታ ትራስ ላይ ስቀዪው።


ኅዳር 24

ለቲቸር፣

ሰው ፀጉሩን መቆረጡን ለሚስቱ እንዲህ አድርጎ ሲነግር ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ! አሳጥሮ ቆረጠህ ወይስ አስተካከለህ? ዓይን ዓይንህን የሚያይ ፀጉር አስተካካይ ግን አልወደድኩም፣ ቀይረው።

አንድ ነገር ልንገርህና እንዳትስቅብኝ። ቅዳሜ ዕለት ለእግሬ ቅባት ገዝቼ ከፋርማሲ ወጥቼ ስሄድ ጀርባህን የመሰለ ጀርባ አየሁ። ትከሻው፣ ያች ወደ ግራ ያዘመመች አካሄድ፣ እጅን ኪስ መክተቱ። አንተ አለመሆንህን አውቃለሁ፤ እግሬ ግን አላወቀም። ሁለት መንገድ ተከተልኩት። ሰውዬው ዞር አለና «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። «ሰዓት ስንት ነው?» አልኩት። ሰዓቴ እጄ ላይ ነበር፤ እሱም አየው። ደግ ሰው ነው መሰለኝ፣ ነገረኝ።

ፈተናው ታኅሣሥ 15 ሆኗል። ሁለት ቃል ቀርቶኛል፣ ሪቮልቭና ስፒን። ከፈተናው በፊት የሦስት ቀን ፈቃድ እንስጣችሁ እያሉ ነው። ሁለቱ ቀን መንገድ ላይ ቢያልቅም አንዱ ቀን የእኛ ነው። ልምጣ? የአዎን ወይም የአይ ጥያቄ ነው፤ ይህን ዓይነት ለተማሪዎችህ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የምታስተምራቸው።


ታኅሣሥ 3

ለኢንጂነሯ፣

ለአንድ ቀን ብለሽ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ አትንገላቺ። አጥኚበት። ፈተናው ይቅደም።

ሪቮልቭ፦ ከሮቴት ጋር አታምታቺው፤ ፈታኞች የሚይዙሽ እዚህ ላይ ነው። መሬት በራሷ ላይ ስትዞር ሮቴት ነው፣ በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ሪቮልቭ። መሐል ላይ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ምሳሌ፦ እህቴ ቀኑን ሙሉ በአልጋው ዙሪያ ሪቮልቭ ታደርጋለች፤ አንዴ ውኃ ይዛ፣ አንዴ እርጥብ ፎጣ ይዛ።

ስፒን፦ በራስ ላይ በጣም በፍጥነት መዞር፤ ለዓይን እስኪያስቸግር። ምሳሌ፦ ክፍሉ ስፒን ያደርጋል። ግድግዳው ግድግዳውን ይከተላል፣ መስኮቱ ያልፋል፣ አለፈ ስትዪ ያው መስኮት ተመልሶ ያልፋል። የአልጋውን ጠርዝ ትይዣለሽ፤ አልጋውም አብሮ ይሄዳል። ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፣ ጨለማውም ይዞራል። ከዚያ ይቆማል። ስታዪ ሁሉም ዕቃ በቦታው ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ እንኳ አልተነቃነቀም።

ምሳሌው ስለረዘመ ይቅርታ። ቃሉ አስቸጋሪ ነው።

አሁን ስድስቱም አሉሽ። ከዚህ በኋላ የእኔ ድርሻ ማለቁ ነው። ፈተናው አዳራሽ ስትገቢ አትቸኩዪ፤ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቢው።


ታኅሣሥ 16

ትናንት ፈተናው ነበር። ቲቸር ብዬ መጀመር አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ልጻፍ።

አራተኛው ጥያቄ ስድስቱን ቃላት በስድስት ዐረፍተ ነገር ተጠቅመሽ የማሽኑን ሥራ አስረጂ ይላል። እንደነገርከኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ልቤም በደስታ ዘለለች። ልዩነታቸው እንዳይጠፋብኝ መጀመሪያ ያንተን ምሳሌዎች በተርታ ልጻፋቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ማሽን እቀይራቸዋለሁ አልኩ። በእንግሊዝኛ ጻፍኳቸው፣ አንዱን ከሌላው ሥር።

ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ተንከባለለ። አልጋዬ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እህቴ ጠርሙሱን ከፈተችው፤ እኔ አቅቶኝ። አንድ ሰው፣ የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት ይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዞረው። እህቴ በአልጋው ዙሪያ ትዞራለች። ክፍሉ ይሽከረከራል።

በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ሁለት እያሉ ሲመጡ ትምህርት ነበሩ። ስቄባቸዋለሁ። የስፒንን ምሳሌ ለብየዳ ሠራተኛዋ ጮክ ብዬ አንብቤላት እንዴት ያምራል ተባብለናል። አንድ ወረቀት ላይ ሲሰለፉ ግን የአንድ ሰው ታሪክ ናቸው። ያ ሰውዬ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም። ሐኪም ነው። ያልከፈትከውም ጠርሙስ መድኃኒት ነው።

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ሌላ ነገር አልጻፍኩም። አሠልጣኙ ወረቀት ሲሰበስብ የእኔን አነበበና «ማሽኑ የታለ?» አለኝ። «ባሌ ታሟል» አልኩት። ወረቀቱን ከሌሎቹ ሥር አስገባው።

ወደ ቢሮ ሮጬ ስልክ ልለምን ሄድኩ። ስልኩ የሚፈቀደው ለሞትና ለወሊድ ብቻ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው ነው አለችኝ ጸሐፊዋ። የታመመ ሰው በደንቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ይኸው በደብዳቤ እጠይቅሃለሁ። ስንት ወር ሆነህ? ስሙ ምንድን ነው? ወድቀህ ተጎድተሃል? አንተ ማስተማር ላይ መዋሸት አትችልም፣ አልዋሸህምም፤ ያናደደኝ ደግሞ እሱ ነው። ሁሉን ነግረኸኝ ምንም አልነገርከኝም።

ወድቄያለሁ። እሱን ለጊዜው ተወው።


ታኅሣሥ 28

ለባለቤቴ፣

ይቅርታ ለመለመን ጥሩ አስተማሪ አልነበረኝም፤ ስለዚህ እንደ ነገሩ ልንገርሽ።

የጀመረኝ መስከረም ላይ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ እየጻፍኩ መስመሩ ሽቅብ ይሄድብኝ ነበር። ጠመኔው በወደቀ ዕለት እኔም ወድቄያለሁ። ሁለት ልጆች ደግፈው አወጡኝ። ሐኪሙ የጆሮ ውስጥ በሽታ ነው ይላል፤ አይገድልም፣ ሙሉ በሙሉ ስለመዳኑም ቃል አልሰጠኝም። ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፣ ቀጠሮ አያውቅም። መንገድ ብቻዬን አልሻገርም። ትምህርት ቤቱ ከሰሌዳ አንሥቶ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሊያስቀምጠኝ ነው። ብዕሩም ደህና ነው፤ የተጣመመው እጄ ነበር።

ለምን አልነገርከኝም ለምትዪው፣ ብነግርሽ ትመጫለሽ። ብትመጪ ሁለት ዓመት ሊሞላ የቀረበ ልፋትሽ ገደል ይገባል። ስለዚህ ዜና ስጽፍ ቧንቧና ጫማ እያልኩ አለፍኩት። ምሳሌዎቹ ላይ ስደርስ ግን አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ሳምንት በዓይኔ ያየሁት ሌላ ነገር አልነበረም። ግድግዳ ነበር፣ ጠርሙስ ነበር፣ እትዬ ነበረች። ስለ ድመት ልጽፍ አልችልም።

ፈተናውን የወደቅሽው በእኔ ጥፋት ነው። ሐምሌ ላይ ድገሚው። ስድስት ወር እንኳን ለሰው ለዕቃም አይረዝምም። እትዬ አለች፣ ጎረቤትም አለ። ለአንቺ የሚሻለው መቆየት ነው። በርቺ።


ጥር 8

ለቲቸር፣

አነበብኩት። አለቀስኩ፤ ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና ወደ ማሽኔ ሄድኩ። ማታ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት። እንደፈራሁት አለመሆኑ ተመስገን ነው። አይገድልም የምትለዋን ቃል ሺህ ጊዜ አየኋት።

አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ምሳሌዎቹን የጻፍከው ሕግ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። እንዳውቅልህ ፈልገሃል፤ በአፍህ መናገሩን ግን ፈራህ። ሰው ታምሜያለሁ ለማለት የባዕድ ግሥ ተከራይቶ ሲናገር ያየሁት አንተን ብቻ ነው።

መንገዴ ሁለት ነው። ሐምሌን እጠብቃለሁ፣ አለበለዚያ ነገ ዕቃዬን ሸክፌ እመጣለሁ። ሁለቱንም እችላለሁ። ስድስት ወር መቆም እችላለሁ፤ ተለማምጄዋለሁ። ሥራውን ማጣትም እችላለሁ፤ ቴክኒሻን ባልባልም እጄ አብሮኝ ይመጣል፣ ከተማችን ውስጥም እጅ የሚፈልግ ማሽን አይጠፋም። የማልችለው ሳልጠራ መምጣትን ነው።

አንድ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ሙሉ ልምጣ ብዬ ጠይቄሃለሁ። በርቺ አልከኝ፣ አጥኚ አልከኝ፣ ፈተናሽን አስቢ አልከኝ። ለእኔ የሚበጀኝን ሁሉ መክረኸኛል። አንተ የምትፈልገውን ግን አንድ ቀን አልነገርከኝም። አንዳንድ ማታ፣ ይህ ሰው ብቻውን መኖር ተስማምቶት ይሆን እንዴ እያልኩ አስብ ነበር። ሳትጠራኝ ብመጣ አስታማሚ ሆኜ ነው የምመጣው፤ አስታማሚ ደግሞ እትዬ አለችህ። እኔ ሚስት ሆኜ መምጣት ነው የምፈልገው።

ስለዚህ ለእኔ የሚሻለውን አትንገረኝ። የምትፈልገውን ንገረኝ። ቆዪ ካልክ እስከ ሐምሌ እቆያለሁ፣ በልቤም ቂም አልይዝም፣ ስምህን ጠርቼ እምልልሃለሁ። ይህን ጥያቄ ደግሜ አልጠይቅም።


ጥር 20

ለባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ ሰኞ ጀመርኩት። «ለአንቺ የሚሻለው» ብሎ ተጀመረ፤ ቀደድኩት። ማክሰኞም ብዕሬ በራሱ ያንኑ ጻፈ፤ ቀደድኩት። እትዬ ቁርጥራጩን ከወለሉ ላይ እየለቀመች ምን እያበላሸሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የጠየቅሽኝን ነገርኳት። ቁርጥራጩን ሁሉ እፍኟ ውስጥ ይዛ አየችኝና «ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ዛሬም ውኃ ሲጠማህ ብርጭቆው ባዶ ነው ነው የምትለው» አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ነኝ ለማለት ነው። ልክ ናት።

ፈርቼ ነበር። ስትመጪ ጥለሽው የሄድሽውን ሰው እንዳታጪው ፈርቼ ነበር፤ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ሰው እንድታገኚ አልፈለግሁም። ይህም እውነት ነው። ግን የጠየቅሽኝ ምን እንደፈራሁ አይደለም።

እንድትመጪ እፈልጋለሁ። በሽታውን ሰበብ ያደረግሁ እንዳይመስልሽ። ከመታመሜ በፊትም እፈልግ ነበር። ከሄድሽ በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፌን በሩ ውስጥ አስገብቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ውስጥ ሰው አለመኖሩን እያወቅሁ መግባት አቃተኝ። ጫማ ሰፊው በሩ እምቢ ያለኝ መስሎት ሊያግዘኝ መጣ። ያን ቀን ማታ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩና በርቺ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩልሽ በርቺ ሁሉ እንደዚያ ነው የተጻፈው።

ጤነኛ ሆኜ ሰሌዳ ፊት ቆሜም ቢሆን፣ ፈተናውንም አልፈሽ ቢሆን፣ ዛሬ የምጽፈው ይህንኑ ነበር። አንድ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ዘገየሁ።

ነይ።